ልጃችን ስኳር አለበት፦ በስደት ላይ ያለ ቤተሰብ ፍርሃቱንና ድካሙን እንዴት ይቻለው?

እኔ የካምፕ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ ከጅቡቲ ከተማ ነው። ከአሊ አዴም ሆነ ከሆልሆል ሪፈር ተጽፎላቸው ለሕክምና ወደ ከተማ የሚመጡ ወገኖቻችንን ለማስተርጎም አንዳንዴ አብሬ እሄዳለሁ። በክፍሌም ስኳር ያለባቸው ልጆች አስተምሬአለሁ። ወላጆቻቸው ስለ መርፌው አወሳሰድ ከሐኪም ይማራሉ። ስለ ልባቸው ግን የሚጠይቃቸው ሰው የለም። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ነው።

አስቀድሜ ልናገር፤ ሐኪም አይደለሁም። የኢንሱሊን መጠን የሚወስነው የልጃችሁ ሐኪም ብቻ ነው። እኔ የምነግራችሁ በብዙ ቤት ያየሁትን አንድ ነገር ነው፦ ፍርሃቱ የሚቀንሰው ሰው ሲያጽናና ብቻ አይደለም፤ ሥራው ሲከፋፈል ነው። አንድ እናት ብቻዋን የምትሸከመው ስኳር ቤቱን ሁሉ ያሳምማል። አራት ሰው የሚያውቀው ስኳር ግን ከባድ ቢሆንም የሚቻል ነው።

በሽታው ባጭሩ

በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት 1 የሚባለው የስኳር በሽታ ነው። የሰውነት በሽታ ተከላካይ ኃይል ተሳስቶ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሴሎች ያጠፋቸዋል። ኢንሱሊን ከሌለ የተበላው ምግብ ወደ ጉልበት አይለወጥም፤ ስኳሩ ደም ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል። ስለዚህ ልጁ በየቀኑ፣ ዕድሜውን ሙሉ፣ ኢንሱሊን በመርፌ መውሰድ አለበት። ኪኒንም ሆነ ቅጠል አይተካውም።

ምልክቶቹ፦ ብዙ ውሃ መጠማት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ አልጋ ላይ መሽናት ያቆመ ልጅ እንደገና መጀመሩ፣ እየበሉ መክሳት፣ ድካም። እዚህ ጅቡቲ ውስጥ ጥማቱን «ሙቀቱ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ጥማቱና ሽንቱ አብረው ከበዙ ግን ሙቀት አይደለም፤ በሙቀት የተጠማ ልጅ ሽንቱ ያንሳል እንጂ አይበዛም። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል የአፍ ሽታ፣ መፍዘዝ ከተጨመረ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት። ማደር የለበትም።

ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በጥር 1922 (እ.ኤ.አ.) በካናዳ ቶሮንቶ ነው፤ የወሰደውም ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት ሐኪሞች ምግብ ከልክለው የልጁን ቀን ትንሽ ከማራዘም በቀር የሚያደርጉት አልነበራቸውም። ዛሬ ኢንሱሊኑንና ክትትሉን ያገኘ ልጅ ይማራል፣ ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ይህን የምነግራችሁ ልጃችሁን ስታዩ ነገን ጭምር እንድታዩ ነው።

«ማን አመጣበት?» የሚለው ጥያቄ

ወሬው እንደተሰማ ሰው ጥፋተኛ መፈለግ ይጀምራል። «መንገድ ላይ ደንግጦ ነው» ይባላል። «ከረሜላ አብዝታለት ነው»፣ «ከእናቷ ዘር ነው»፣ «ዓይን በልቶት ነው» የሚልም አይጠፋም። በረሃውን በእግር አቋርጠው ለመጡ ሰዎች የመጀመሪያው በተለይ ይከብዳል። አንዲት እናት «እኔ ባላመጣው ኖሮ አይደነግጥም፣ ባይደነግጥ አይታመምም ነበር» ስትል ሰምቻታለሁ።

እውነቱ ይህ ነው፦ ምልክቱ ከመታየቱ ከብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት ሴሎቹ መጥፋት ይጀምራሉ። ድንጋጤም፣ ከረሜላም፣ ስደትም ዓይነት 1 ስኳርን እንደሚያመጡ አልታወቀም። ዘር ድርሻ አለው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ልጆች በቤተሰባቸው ውስጥ ይህ በሽታ ያለበት የቅርብ ዘመድ የላቸውም። የእናት ጥፋት አይደለም። የአባትም አይደለም።

«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፤ እኛ ድሆች ከየት አመጣነው?» የሚልም አለ። ጎንደር ላይ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ለብዙ ዓመታት ያከሟቸው ሰዎች ግን ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ገበሬዎችና ልጆቻቸው ጭምር ናቸው፤ ብዙዎቹም ከስተው፣ ምግብ አጥሯቸው የኖሩ ነበሩ። ሐኪሞቹ ሕክምናውን ከከተማው ሆስፒታል አውጥተው ለገበሬው ቅርብ ወደሆኑ ጤና ጣቢያዎች አወረዱት። ስለዚህ ማንም በድህነቱ አይፈር፤ በሽታው ኪስ አያይም።

ለቅሶ የማይደረስበት ሐዘን

በእኛ ባህል ሰው ሲሞት ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ልጅ ስኳር ሲይዘው ግን ልጁ በሕይወት አለ፤ ማንም ለቅሶ አይደርስም። እናት ግን ታዝናለች። የምታዝነው ለትናንቱ ልጇ ነው፦ ያገኘውን በልቶ፣ እስኪመሽ ተጫውቶ፣ ሳትሰጋ ለምታስተኛው ልጅ። ይህ ሐዘን እብደት አይደለም፤ እምነት ማጣትም አይደለም።

ከሐዘኑ ጋር ሌሎችም ይመጣሉ። ንዴት ይመጣል፤ በሐኪሙ፣ በባል፣ በፈጣሪም ላይ። ፍርሃት ይመጣል፤ ከዚያ ድካም። እኛ ላይ ደግሞ የወረቀት ጉዳይ አለ፣ የአገር ቤት ወሬ አለ፣ የዕለት ሥራ አለ። ሁሉም ይደራረባል።

ብቻችሁን እንዳልሆናችሁ አንድ ነገር ልጥቀስ። በ2012 (እ.ኤ.አ.) በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ ግምገማ ታትሞ ነበር። በሽታው በታወቀ ሰሞን በአማካይ ከሦስት ወላጆች አንዱ በከባድ ጭንቀት ውስጥ እንደነበር፣ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ግን ቁጥሩ ወደ አምስት አንድ ገደማ እንደሚወርድ ያሳያል። ሁለት ነገር እንማርበታለን። ጭንቀቱ በሰላም አገር፣ ፍሪጅና መብራት ያላቸውን ወላጆችም ይይዛል። ደግሞም ለብዙዎች እየቀለለ ይሄዳል።

ጎረቤት ለሆናችሁ አንድ ምክር፦ «አይዞሽ፣ ፈጣሪ ያውቃል» ማለት መልካም ነው፤ ግን እዚያ ላይ አይቁም። ወጥ ሠርታችሁ ውሰዱ። ውሃ ቅዱላት። «ዛሬ ሌሊት እኔ ልጠብቀው፣ አንቺ ተኚ» በሏት። ለቅሶ መድረስ ማለት ይኼ ነው።

የሌሊቱ ፍርሃት

ወላጆችን ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳቸው የስኳር መውረድ ነው። ኢንሱሊኑ ከምግቡ ሲበልጥ፣ ወይም ልጁ ብዙ ሲሮጥ ስኳሩ ይወርዳል። ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይነጫነጫል፣ ይራባል፣ ይደናገራል። ብዙ እናቶች ሌሊቱን ሙሉ የልጁን ግንባር እየዳሰሱ ያድራሉ።

ለዚህ ፍርሃት መድኃኒቱ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ቁጥሩን እወቁ። የስኳር መለኪያዎች እንደመጡበት አገር በተለያየ መንገድ ይጽፋሉ፦ 70፣ ወይም 3.9፣ ወይም 0.70። ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው። ከአገር ቤት መለኪያ የለመደች እናት ጅቡቲ ውስጥ በፈረንሳይኛ ወረቀት ላይ «1.20» አይታ ልትደነግጥ ትችላለች። እሱ በለመደችው 120 ነው።

ስኳሩ ሲወርድ፦

1. ቶሎ የሚሠራ ጣፋጭ ስጡት። ለትልቅ ልጅ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ (ስኳር አልባውን አይደለም)። ለትንሽ ልጅ ከዚያ ያነሰ፤ መጠኑን ሐኪሙን ጠይቁ።
2. 15 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ለኩ። ካልወጣ ድገሙት።
3. ሲስተካከል፣ የምግብ ሰዓቱ ሩቅ ከሆነ፣ ዳቦ ወይም እንጀራ ጨምሩለት።
4. ራሱን ከሳተ ወይም ከተንፈራገጠ ምንም ነገር አፉ ውስጥ አታድርጉ፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኙትና ወደ ሕክምና ሩጡ።

መለኪያ ከሌለ ወይም የመለኪያው ወረቀት ካለቀ፣ ምልክቱን ካያችሁ ስኳሩን ስጡት። ለትንሽ ጊዜ ከፍ ማለቱ ከመውረዱ ይሻላል።

ይህን ዝርዝር በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የእናት ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ እናት መተኛት አትችልም።

ሥራውን መከፋፈል

ባልባላ ውስጥ የማውቀው አንድ ቤት እንዲህ ያደርጋል። የጠዋቱን መርፌ እናት ትሰጣለች። የማታውን አባት ከቀን ሥራ ሲመለስ ይሰጣል። የ15 ዓመቷ እህት ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጽፋለች። አጠገባቸው ያሉት ሴትዮ መርፌ አይሰጡም፤ ግን ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ። እናትየዋ ገበያ የምትሄደው ለዚህ ነው። ሌሊት የመነሳቱ ተራም በሳምንቱ ቀን ተከፍሏል።

አባቶች፣ ይህችን ክፍል እናንተ ናችሁ የምታነቧት። ብዙ አባት መርፌውን የሚሸሸው ስለማይወድ አይደለም፤ ልጁ ሲያለቅስ ማየት ስለማይችል ነው። ያኔ ሚስት «እሱ ግድ የለውም» ትላለች፣ ባል «ምንም ብሠራ አይጥማት» ይላል፣ ትዳሩ ይቀዘቅዛል። ጅማሬው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ልጁን አቅፋችሁ ያዙ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስኳሩን ለኩ፣ ከዚያ መርፌውን ተማሩ። በሳምንት አንድ ጊዜ ልጆቹ ሲተኙ ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ «ምን ከበደሽ?» «ምን ከበደህ?» ተባባሉ። መፍትሔ ባይገኝም መጠየቁ ራሱ ያቀላል።

ስኳር ያለባቸው ልጆች እናቶች ሁለትም ሦስትም ከሆናችሁ ቡና ላይ ተገናኙ። ዕቁብ የለመደ ሕዝብ ነን። የመለኪያ ወረቀት መግዣ ትንሽ ትንሽ ማዋጣት ይቻላል። ከገንዘቡ በላይ ግን «ልጅሽ ትናንት ስንት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅና መልሱ የሚገባው ሰው ማግኘት ነው።

ከልጁ ጋር መነጋገር

መጀመሪያ አንድ ልማድ እንተው። አገር ቤት ሳለን «ካልተኛህ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል» እየተባልን ያደግን ነን። ስኳር ባለበት ቤት መርፌ ማስፈራሪያ መሆን የለበትም። መርፌው ልጁን በሕይወት የሚያኖረው ነው፤ ቅጣት ከመሰለው ይጠላዋል።

*ለትንንሾቹ* አጭር ቃል ይበቃል፦ «ሆድህ ውስጥ ያለችው የኢንሱሊን ፋብሪካ ቆማለች፣ ስለዚህ እኛ ከውጭ እንሰጥሃለን።» ምርጫ ስጡት፤ መርፌው ይቅር አይደለም፣ «በግራ እግር ነው በቀኝ?» ብላችሁ።

*ትምህርት የጀመሩት* «ስንት ዓመት ነው የምወጋው? እሞታለሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። አትዋሹ። «ሁልጊዜ ነው። ስትወስድ ግን ታድጋለህ፣ ትማራለህ» በሉ። «ነገ ይድናል» ብላችሁ ካታለላችሁት ነገ ሌላውንም አያምናችሁም።

*ጉርምስና ላይ ያሉት* ይደክማቸዋል። ቁጥር ይደብቃሉ፣ መርፌ ይዘላሉ። ከጩኸት በፊት ጠይቁ። ከተማሪዎቼ አንዱ መርፌውን የሚዘለው ጓደኞቹ «መርፌ የሚወጋ ኤች አይ ቪ አለበት» ስላሉት ነበር። እናቱ ግትርነት መስሏት ስትቆጣው ከርማለች። ቁጥሩ ከፍ ሲል «ምን በላህ?» ብላችሁ እንደ ፖሊስ አትጠይቁ። «እሺ፣ ቁጥሩን አወቅን፤ አሁን ምን እናድርግ?» በሉ። ቁጥር ለሥራችን ምልክት ነው እንጂ የልጁ ጸባይ ውጤት አይደለም። በእነዚህ ዓመታት ሥራውን ጠቅልላችሁ ለልጁ አትተዉት፤ አጠገቡ ሁኑ።

እህትና ወንድም እንዳይረሱ። «ለምን እሱ ብቻ ይታያል?» ይላሉ በሆዳቸው፤ አንዳንዶቹም በምስጢር «እኔም ይይዘኝ ይሆን?» እያሉ ይሰጋሉ። እንደማይተላለፍ ንገሯቸው። በሳምንት ትንሽ ሰዓት ለእነሱ ብቻ ስጡ። ምግብም ለአንዱ ልጅ ለብቻ አትለዩ፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይብላ፣ የሚመጠነው መጠኑና ሰዓቱ ነው።

ትምህርት ቤት

ልጁን ከትምህርት አታስቀሩት። ለአስተማሪው ሦስት ነገር ንገሩ፦ ስኳሩ ሲወርድ ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚሰጠው፣ ማን ጋ እንደሚደወል። እኔ በጠመኔ ሳጥኔ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ስኳር በላስቲክ አለችኝ። ውሃ ሲጠጣና ሽንት ቤት ሲወጣ እንዳይከለከል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ክፍል ውስጥም ቢሆን እንዲበላ ጠይቁ። ልጁ ከፈቀደ ለክፍሉ አንድ ጊዜ አስረዱ፤ «አይተላለፍም» የሚለው ቃል ከአስተማሪ አፍ ሲወጣ ሹክሹክታው ይቀንሳል።

ጠበል፣ ዱዓና ጾም

እምነታችን ብርታታችን ነው፤ በስደት ደግሞ ይበልጥ። ግን አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ኢንሱሊን አይቋረጥም። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ጠበሉን ይጠጣ፣ ዱዓ ይደረግለት፣ መርፌውንም ይውሰድ። በክርስትናም በእስልምናም የታመመ ሰው ከጾም ነፃ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ ቄሱን ወይም ሼኹን ፊት ለፊት ጠይቁ። ከሃይማኖት አባት አንደበት ሲሰማ የአማትና የጎረቤት ጭቅጭቅም ይበርዳል።

ሙቀቱና የኢንሱሊን ሐሳብ

በጅቡቲ በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። «ኢንሱሊኑ ተበላሽቶ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ራሱ ሰላም ይነሳል። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከሠራ ይጣላል። ፍሪጅ ከሌላችሁ ጤና ጣቢያው እንዲያስቀምጥላችሁ ጠይቁ።

በኬንያ ዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ ብዙ ሰው ፍሪጅ ስለሌለው መርፌውን ለመውሰድ በየቀኑ ሆስፒታል ይመላለስ ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር የካምፑን ቤቶች ሙቀት ለክተው ኢንሱሊኑን መረመሩ። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ውጤት፣ በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል ሲወጣና ሲወርድ በከረመ ሙቀት ለ4 ሳምንት የተቀመጠ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ከከረመው የተለየ ኃይል አላጣም። የእኛ ቆርቆሮ ቤት ግን ከ37 ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የሸክላ ማሰሮ ተጠቀሙ፦ ትልቁ ውስጥ ትንሹን አስገቡ፣ መካከሉን በእርጥብ አሸዋ ሙሉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር አኑሩት፤ አሸዋው እንዳይደርቅ ውሃ ጨምሩ። ጠርሙሱ ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ይጠቅለል። አየሩ ወበቅ ሲሆን ማሰሮው ያን ያህል አያቀዘቅዝም። መልኩ የተለወጠ፣ ወይም እንደወትሮው ተወስዶ ስኳሩን አልቀንስ ያለ ኢንሱሊን ካለ ለሐኪሙ አሳዩ።

ሆስፒታል ስትሄዱ

ጅቡቲ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ስደተኞች ጤናና ትምህርት እንዲያገኙ ይፈቅዳል። የስደተኛ ወረቀታችሁንና የቁጥር ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። አስተርጓሚ ካጣችሁ እነዚህን ያዙ፦

- በፈረንሳይኛ፦ «ሞን አንፋን አ ለ ዲያቤት» (ልጄ ስኳር አለበት)። ስኳር ሲወርድ «ኢፖግሊሴሚ» ይሉታል።
- በሶማሊኛ ስኳር በሽታ «ሶንኮሮው» ይባላል፤ በዐረብኛ «ሱካሪ»።

ጥያቄያችሁን ቤት ሳላችሁ ጻፉ። ደንግጦ የሄደ ሰው ግማሹን ረስቶ ይመለሳል።

ድካሙ ከአቅም በላይ ሲሆን

ማልቀስ ደህና ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ግን እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ምግብ ካልጣማችሁ፣ ልጁን መንካት ካስጠላችሁ፣ መርፌውን «ይቅር» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ወይም ራሳችሁን ስለመጉዳት ካሰባችሁ በዚያው ቀን ለአንድ የምታምኑት ሰውና ለጤና ባለሙያ ተናገሩ። በካምፕ ያላችሁ ለጤና ጣቢያው ወይም ለማኅበራዊ ሠራተኛው ንገሩ። «አእምሮዬ ደክሟል፣ እርዳታ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ልጁንም እንዲሁ፦ ዝም ካለ፣ ከጨዋታ ከተለየ፣ «ባልኖር ይሻል ነበር» ካለ እንደ ቀልድ አትለፉት።

ለዛሬ አንድ ነገር ብቻ ብትጀምሩ ይህን ጀምሩ፦ ከእናንተ ሌላ አንድ ሰው የልጃችሁ ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ አስተምሩ። ጎረቤትም ይሁን፣ አክስትም፣ አስተማሪም። ከዚያ አንድ ሌሊት ተኙ።

ፈጣሪ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። ሰላም ሁኑ።